አዲስ ካሜራ ለያዛችሁ፦ መጀመሪያ ዙሙን ልቀቁት

ካሜራው ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ዘመድ ስጦታ ነው። ሌንሱ የማይነቀል፣ ዙሙ ግን ረጅም የሆነው፣ ብሪጅ የሚባለው ዓይነት። ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቱ እኔ ጋ ይመጣል። "ካሜራው ችግር አለበት መሰለኝ፣ ሁሉም ፎቶ ብዥ ይላል" ይለኛል። ሠርግና ክርስትና አነሳለሁ፤ ጎን ለጎን ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ካሜራውን ተቀብዬ አየዋለሁ። ምንም አልሆነም።

ዋናው ጥፋት ዙሙ ነው። ካርቶኑ ላይ 65 እጥፍ፣ 83 እጥፍ፣ 125 እጥፍ ተብሎ ይጻፋል። ጀማሪው ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም፤ ያገኘውን ሁሉ እስከ ጥግ ይስባል። እንጦጦ ወጥቶ ከተማውን ይስባል። አጠገቡ ያለውን ሰው እንኳ ወደ ኋላ ሸሽቶ ይስባል። እባካችሁ፣ እያንዳንዱ ዙም ዋጋ ያስከፍላችኋል። ኒኮን ፒ1000ን እንውሰድ። ዙሙ ሳይሳብ የሌንሱ ክፍተት ኤፍ 2.8 ነው፤ ጥግ ሲደርስ ኤፍ 8 ይሆናል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክፍተቱ ይጠባል። ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ ወደሚያደርገው ክፍል፣ የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ ወረደ ማለት ነው። ሴንሰሩ ራሱ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር በ4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። ብርሃን ሲያጥረው ካሜራው ወይ ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ያዘገያል፣ ወይ አይኤስኦውን፣ ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ይሰቅላል። ሻተሩ ሲዘገይ ፎቶው ብዥ ይላል። አይኤስኦው ሲሰቀል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በዚያ ላይ የእጃችሁ መንቀጥቀጥም ከዙሙ ጋር አብሮ ይጎላል። ከእንጦጦ ቦሌን ስትስቡ ደግሞ በመካከል ያለው አቧራ፣ ጭስና ሙቀት ሁሉ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ያንን የሚያጠራ ሌንስ የለም።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ ጃን ሜዳ ሄድኩ። ካሜራቸው አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ራቅ ብሎ ቆመና የመዘምራኑን ፊት በዙም ሲለቅም ዋለ። ሁለተኛዋ ዙሙን ጨርሶ አልነካችም። አስፈቅዳ ተጠጋች። ማታ ፎቶውን ስናይ የእሱ ፊቶች በሙሉ ደብዝዘዋል፤ ከጀርባቸው ያለው ሕዝብም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። የእሷ ላይ የጥላው ዘርፍ ክር በክር ይቆጠራል፤ የከበሮ መቺው ላብ ሳይቀር ይታያል። ልዩነቱ ሃያ እርምጃ ነው።

ዲጂታል ዙሙንማ ዛሬውኑ ሜኑ ገብታችሁ አጥፉት። ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት ሌላ ሥራ የለውም።

ይህን ስል ዙም አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ለማንሳት፣ ወፍ ለማንሳት ከዚህ ካሜራ የተሻለ በዚህ ዋጋ አታገኙም። ለሰው ፊትም ትንሽ ዙም ጥሩ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ራቁና አራት እጥፍ ገደማ ሳቡት። ሳትስቡ አፍንጫው ሥር ገብታችሁ ካነሳችሁ አፍንጫው ያብጣል፤ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል። እንኳን ሙሽራ ማንም ያንን አይወድላችሁም።

ሁለተኛው ስህተት የእኔም ነበር። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የለበሰ ሰው ስታነሱ ካሜራው ይሳሳታል። ካሜራ ያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ አድርጎ ማውጣት ይፈልጋል። ነጭ ሲበዛበት "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ያጨልማል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ የጠይሟ እናት ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። መጀመሪያ በሠራሁት ክርስትና የልጁ አያት ፊት እንዲህ ጠፍቶብኝ አለቀ። ሴትየዋ ፎቶውን አይተው "ምነው፣ እኔ የለሁበትም እንዴ?" አሉኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉ። ለነጭ ልብስ ወደ መደመሩ በ0.7 ወይም በ1 ከፍ አድርጉ። ከዚያ ነጠላው ተቃጥሎ ጥለቱ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ፤ ከጠፋ ትንሽ መልሱት። ሰውየውን ከፀሐይ አውጥታችሁ በረንዳ ጥላ ሥር ብታቆሙት ደግሞ ሁለቱም ይተርፋሉ። ለደመራ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። ጨለማው ሲበዛበት ካሜራው ሌሊቱን ቀን ለማድረግ ይታገላል፤ እሳቱም ነጭ ቡጭቅጫቂ ይሆናል። በ1 ቀንሱት።

እስክስታ ላይ ብዙዎች የካሜራውን መንቀጥቀጥ መከላከያ ያምናሉ። እሱ የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ ነው። የጨፋሪውን ትከሻ ማን ያረጋጋዋል? ሞዱን ኤስ ላይ፣ የሻተሩን ፍጥነት እናንተ የምትመርጡበት ላይ፣ አድርጉ፤ ኒኮንም ፓናሶኒክም እንዲህ ይጽፉታል፣ ካኖን ላይ ቲቪ ነው። ሻተሩን 1/500 ሰከንድ አስገቡ። አዳራሹ ጨለማ ከሆነ አይኤስኦው ይወጣል፤ ይውጣ። አሸዋ ያለበት ትከሻ ከሌለ ትከሻ ይሻላል።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሰው አታንሱ። እኛ ሀገር ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰውየው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ግድ ከሆነ ፍላሹን አብሩት፤ ጥላውን ይሞላላችኋል። የሚገርመው ሰው ፍላሽ ቀን ያጠፋል፣ ማታ ስታዲየም ውስጥ ያበራል። ያቺ ትንሽ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አታልፍም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ግን ቅርብም ብትሆኑ አታብሩ።

የጠዋቱና የማታው ለስላሳ ብርሃን እኛ ጋ አጭር ነው። ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትወርድ ቶሎ ያልፋል። ቦታችሁን ቀድማችሁ ያዙ።

ፀሐይን በዙም ማነጣጠር፦ በፍጹም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታማው ግርዶሽ በላሊበላ ሲያልፍ ያለ ማጣሪያ ሌንሳቸውን ወደ ላይ የደገኑ ሰዎች ፎቶ እንዲያሳዩኝ ሳይሆን ዓይናቸው ደህና መሆኑን እንዲነግሩኝ ነበር የፈለግሁት። ሌንሱ ፀሐይን ሰብስቦ ሴንሰሩን ያቃጥላል፤ ከካሜራው ጎን ሾልቆ የሚያየው ዓይን ደግሞ አይተካም። ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ሌንሱ ፊት ካልተደረገ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

መጨረሻ ላይ፣ ፎቶ ካሜራው ላይ አታጥፉ። የካሜራው ስክሪን ትንሽ ነው፤ ፀሐይ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ጨለማ መስሎ ይታያል። አንድ ፋሲካ እናቴ ቡና ስትቀዳ አነሳኋት። ጀበናውን አዘንብላ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። ግቢ ውስጥ ቆሜ ስክሪኑ ላይ አየሁት፤ ጠቁሮ ታየኝና አጠፋሁት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ከፈትኩ። ሁለቱም ደህና ነበሩ፤ ትንሽ ብርሃን ጨምሬ ቁልጭ አሉ። በሁለቱም ላይ ግን እናቴ ካሜራውን እያየች ነው።