ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ከሰዓት ጀልባ ልትገቡ ከሆነ

ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ባለፈው ጉማሬ እናያለን ብለን ሐይቁ ዳር ካለው ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መዝናኛ ተነሳን፤ ስንመለስ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ እንደ ባዶ ጣሳ እያንገጫገጫት እኔ ፎቶ ላነሳ ብድግ አልኩ። ሞኝነት! ጀልባዋ ጋደል ስትል ባለጀልባው "ቁጭ በል!" ብሎ ጮኸብኝ።

እና መንሳፈፊያ ጃኬቱን ገና ዳር ላይ እያላችሁ ልበሱ፣ ማሰሪያውንም ሁሉ ቆልፉ። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትጎትቱት አገጫችሁ ጋ ከደረሰ ሰፍቷችኋል፣ ሌላ ጠይቁ። ማዕበል ሲመጣ ዝቅ ብላችሁ መሃል ላይ ቁጭ በሉ፤ ደንግጣችሁ ሁላችሁም ወደ አንድ ጎን ከሸሻችሁ ጀልባዋን የምትገለብጧት እናንተው ናችሁ። ባለጀልባው ፍጥነት ቀንሶ አፍንጫዋን በሰያፍ ወደ ማዕበሉ ሲያዞር "መንገድ ሳትክ" እያላችሁ አትነዝንዙት፤ ጉዱ ማዕበሉ ጎኗን የመታት ለት ነው።

ሆዳችሁ ከተገለባበጠ ስልክ ማየት ትታችሁ ታቦር ተራራ ላይ አተኩሩ። ስልኩን ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፤ የኔ ስፒከር እስካሁን ያንኮራፋል።