ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የዴስክቶፕ ስክሪን ሲለጠጥና ሲደበዝዝ

ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት እህት ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ነበር። ዴስክቶፑ ላይ የፋሲል ግንብ ፎቶ ተከፍቷል፤ ለፖስትካርድ ሊታተም ነው። ክብ የሆነው የማማው ጉልላት ወደ ጎን ተለጥጦ የተጋደመ እንቁላል መስሏል። ፊደሉም ገዝፎ ብዥ ብሏል። ከአንድ ቀን በፊት አዲስ ዊንዶውስ አስጭናለች። «ድጋሚ ፎርማት ይደረግ አሉኝ» አለችኝ፤ ፋይሎቿን እያሰበች ጭንቅ ብሏታል። የጎደለው ግን የግራፊክስ ድራይቨር ብቻ ነበር፤ ማለትም ዊንዶውስን ምስል ከሚያወጣው ክፍል ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር።

ምስሉ ተለጥጧል፣ ሪሶሉሽኑ (የምስሉ ስፋትና ቁመት በነጥብ ሲቆጠር) 1024 በ768 ላይ ቆሟል፣ አልቀየርም ይላል

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለው ስር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካያችሁ፣ ዊንዶውስ ለግራፊክስ ካርዳችሁ (ምስሉን ወደ ስክሪኑ ለሚልከው ክፍል) ድራይቨር የለውም ማለት ነው። ለጊዜው እንዲሁ ምስል እያሳያችሁ ነው።

ካርዱ የማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ኬሱን መፍታት አያስፈልግም። እዚያው ስሙን ሁለቴ ተጫኑ፣ ዲቴይልስ ውስጥ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ምረጡ። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ካለ ኤንቪዲያ ነው።

ኢንተርኔት ከሌለ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ዳታውን አጋሩት። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ድራይቨሩን ፈልጎ ይጭነዋል። ካላገኘው ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ የካርዱንና የዊንዶውሱን ዓይነት መርጣችሁ አውርዱ። «ድራይቨር በነፃ እናድስላችሁ» የሚሉ ፕሮግራሞችን እባካችሁ አትንኩ፤ ሌላ ጣጣ ይዘው ነው የሚመጡት።

ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲሱ ድራይቨር አሮጌ ካርድ ላይ ላይጫን ይችላል። ለምሳሌ ለኤንቪዲያ ጂቲ 710 የሚሆነው የ470 ተከታታይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት አይቀበሉትም። ስለዚህ «አዲስ» ስለተባለ ብቻ ዳታችሁን አትጨርሱ።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ቁጥር 8086 ነበር። ድራይቨሩ ሲጫን ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር አለ፤ ይህ ያለ ነው፣ አትደንግጡ። ተመልሶ ሲበራ 1600 በ900 ሆኗል። ጉልላቱም ክብ ሆነ።

ድራይቨሩ አለ፣ ትክክለኛው ሪሶሉሽን ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም

እዚህ ላይ ሰው ሶፍትዌር ሲነካካ ይውላል። እኔ መጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው። ሞኒተሩ መጠኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው በገመዱ በኩል ነው። ሰማያዊ ራስ ያለው የቪጂኤ ገመድ 15 የፒን (የቀጭን ብረት እሾህ) ቦታ አለው፤ ይህን መልእክት የሚያመላልሱት 12ኛውና 15ኛው ናቸው። ሁለቱም በጠባቡ በኩል ባለው ረድፍ ላይ ናቸው። አንዱ ከታጠፈ ወይም ከተሰበረ ምስል ይመጣል፣ መጠኑ ግን አይታወቅም። ከመሃለኛው ረድፍ አንድ ፒን ቢጎድል ግን አትስጉ፤ 9ኛው ከፋብሪካም ሳይኖር ይመጣል። ገመድ ከጎረቤት ተውሳችሁ ሞክሩ፣ ካርዱና ሞኒተሩ ካላቸው ኤችዲኤምአይ ይሻላል።

ካርዱ ተገጥሟል፣ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ይላል

ገመዱ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ከኋላ ዝቅ ብሎ አግድም የተኛው የካርዱ ሶኬት ላይ ስኩት።

ድራይቨር ሲጫን መብራት ጠፋ፣ አሁን ዊንዶውስ ሲነሳ ጥቁር ነው

ኮምፒውተሩን አብርታችሁ ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ አጥፉት። ይህን ሁለት ሦስቴ ስትደጋግሙ የጥገና ገጽ ይመጣል። ከዚያ ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ ወደሚነሳበት) ግቡ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የግራፊክስ ካርዱን አንኢንስቶል አድርጉ፤ የድራይቨሩን ሶፍትዌር አጥፋ የምትለውን ሳጥን መምረጥ አትርሱ። ሪስታርት ስታደርጉ ያ የተለጠጠ ስክሪን ይመለሳል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ጫኑ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌላችሁ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰዓት ባትጀምሩት ይሻላል።

ሞኒተሩ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ይላል

ሞኒተሩ የማይችለውን ሪሶሉሽን መርጣችኋል። ምንም ሳትነኩ 15 ሰከንድ ጠብቁ፣ ዊንዶውስ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።