ከሐይቅ ዳር ወደ ዓሣ ገንዳ የሚገቡ ያልተጠሩ እንግዶች፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ የዓሣ ገንዳ ወዳጅ ባዶ እጁን አይመለስም። ከከተማዋ አጠገብ ካለው የሎጎ ሐይቅ ዳርቻ አንድ እቅፍ የውሃ ሣር፣ ሁለት ሦስት ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ጣጣውም የሚጀምረው እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ያመጡትን በዚያው ቀን ገንዳ ውስጥ መክተት ነው። እኔ ደሴ ባለው ገንዳዬ ይህን አድርጌ፣ ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦቼ ጫጩቶች በየማታው አንድ ሁለት እየሆኑ ጠፉብኝ። ማጣሪያው የበላቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ሌሊት ባትሪ ሳበራ ከሣሩ ሥር የውሃ ተርብ እጭ ተጣብቆ አገኘሁ። ይህ እጭ ታጥፎ የተቀመጠ የታች ከንፈሩን ድንገት ወደ ፊት ወርውሮ ያድናል፤ ለትንሽ ዓሣ ማምለጫ የለውም። መድኃኒት አያስፈልገውም፣ በወረንጦ ይዞ ማውጣት ይበቃል።

አዲስ ተክል ለሦስት ሳምንት በተለየ ባልዲ ይቆይ። ማታ ማታ በባትሪ ይመልከቱት። ቅጠሉን ገልብጠው እንደ ተልባ የሚያዝለገልግ ነገር ካዩ የቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ በጥብጠው ከ2 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይንከሩትና ሽታው እስኪጠፋ ይጠቡት። ስስ ቅጠል ያለውን ግን በረኪና ይገድለዋል። ድንጋዩን ቀናት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይሻላል፤ መቀቀል አደጋ አለው፣ ውስጡ ውሃ ከያዘ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉም ያሳስበኛል፦ ቀንድ አውጣን ሁሉ በባዶ እጅ መልቀም፣ ልጆችንም ማስለቀም። እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት የአንጀት ቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በሐይቅ አካባቢ ተማሪዎች ላይ ተገኝቷል። ከተበከለ ቀንድ አውጣ ወደ ውሃው የሚወጣው ጥገኛ በዓይን አይታይም፣ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ የሚገባበት ገላ ካላገኘ ግን ከሁለት ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ስለዚህ ረጅም ጓንት ያድርጉ፤ ከሐይቁ የመጣውን ቀንድ አውጣ ገንዳ ውስጥ አያስገቡ። እንቁላሉ ግን፣ አብሽሩ፣ በሽታውን አይወርስም። ቤት ውስጥ የተፈለፈለው ገንዳ ያጨናንቃል እንጂ ቢልሃርዚያ አያመጣም።

ቀንድ አውጣው ሲበዛ ተናዶ መዳብ ያለበት መድኃኒት መጨመርም ጥፋት ነው። ቀንድ አውጣዎቹ ባንዴ ሞተው ሲበሰብሱ አሞኒያው ዓሦቹን ይጨርሳል። የተትረፈረፉት ከመጠን በላይ ስለመገቡ ነውና ምግቡን ይቀንሱ። ማታ ለብ ያደረጉትን የጎመን ቅጠል ገንዳው ላይ ይጣሉ፤ ጠዋት ላዩ ላይ ከተሰበሰቡት ጋር ያውጡት። በየቀኑ ከደጋገሙት ቁጥራቸው ይወርዳል።

አልቅት ካገኙ በመረብ ያውጡት።

የመጨረሻው ስህተት የተሰለቸውን ተክልና ዓሣ ወስዶ ሎጎ ወይም ቦርከና ወንዝ ውስጥ መድፋት ነው። እምቦጭ ጣናን እንዴት እንደወረረ አይተናል። ከሎጎ ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ተክሉን ፀሐይ ላይ አድርቀው ያቃጥሉት፤ የገንዳውን ውሃ ከወንዝና ከቦይ ርቀው ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት።