ስልክ ላይ «ወንድሜ» ለምትባል ሴት

ታክሲ በስልክ ስጠራ ሹፌሩ መልሶ ይደውላል። «ወንድሜ፣ የት ጋ ነህ?» አማርኛ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። «አንተ» ወይስ «አንቺ» የሚለውን ሳይወስኑ ሁለት ቃል መነጋገር ከባድ ነው። ብልጦቹ «እርስዎ» ብለው ያመልጣሉ።

ሥራዬ ድምፅ ነው። የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጎረምሶቹን ሆኜ የምናገረው እኔ ነኝ። ጆሮ አንድን ድምፅ የወንድ ወይም የሴት የሚያስብለው ምን እንደሆነ እዚያው ማይክ ፊት ተማርኩ። መሞከር ከፈለጋችሁ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ድምፃችሁ የት እንደሚያርፍ እወቁ። ጊታር ያለው ጓደኛ ፈልጉ። ሰው ሲያወራችሁ «እምም» እያላችሁ እንደምትሰሙት በሉና እሷኑ ሳብ አድርጓት። በተለመደው ቅኝት 5ኛው ክር 110 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል፤ የብዙ ወንዶች ወሬ እዚያ አካባቢ ነው። 3ኛው 196 ሲሆን የብዙ ሴቶች ሰፈር ነው። በመሃል ያለው 4ኛው 147 ነው፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ ሲል ጆሮ ያመነታል። የእኔ «እምም» እዚያው ላይ ቁጭ ብላለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፅ ማቅጠን ወይም ማወፈር ብቻ ሲመስለው ነው። እስቲ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ስማችሁን በሹክሹክታ ይጥሩ። በሹክሹክታ የድምፅ አውታር አይርገበገብም፣ ስለዚህ ቀጭን ወፍራም የሚባል ነገር የለም። እናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትለያላችሁ።

ምክንያቱ ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው መንገድ ነው። በወንዶች 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ በሴቶች ወደ 14 ይጠጋል። አጭሩ ድምፁን ያፈካዋል፣ ረጅሙ ያጠቁረዋል። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ምራቅ ዋጡ፤ ወደ ላይ ይወጣል። ልታዛጉ ስትጀምሩ ደግሞ ይወርዳል። ጎረምሳ ስሆን ያቺን የማዛጋት መጀመሪያ ይዤ እናገራለሁ። ለሴት ድምፅ ማንቁርቱ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ከንፈር ፈገግ ይበል። ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ ወዲያው ተዉት፣ ውኃ ጠጡ።

ዜማም አለ። ወጣ ገባ የሚል አነጋገር ወደ ሴት፣ ድርቅ ያለው ወደ ወንድ ያደላል። ግን ይህን ሲያበዙት ቧልት ይሆናል።

ስልክ ላይ ለምን ይብሳል? የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የሴት «ሰ» ብዙ ጊዜ ከወንድ ይልቅ ስል ናት፤ ያ ስለቷ ከዚያ በላይ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል።

«መጣሁ» ወይም «ቆሜያለሁ» ማለትም አያድንም፤ ግሱ ጾታዬን አይናገርም። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ፦ «ቀይ ሹራብ የለበሰችው!» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እሷን አየኋት፤ አንተስ የት ነህ?»