በጎጃም መንገድ ላይ ጀማሪ የመኪና ማቀዝቀዣና ኤሲ መሐንዲሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቃችሁ ይህን ሥራ ለጀመራችሁ፣ ጎጃም ጥሩ መፈተኛ ነው። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ባለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መኪና ወደ 1,400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ታች በረሃው ያቃጥላል፣ ላይ አየሩ ይሳሳል። ማኑዋል ላይ ያሉት ብዙ ቁጥሮች ግን ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የቫኪዩም ጌጁ (ከኤሲው ውስጥ አየር ምን ያህል እንደወጣ የሚያሳየው መለኪያ) ነገር ነው። ኤሲው ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየርና እርጥበቱ በፓምፕ ይወጣል። መጽሐፉ ቀስቱ ወደ 30 ኢንች (የሜርኩሪ) ይድረስ ይላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ቀስቱ 22 ኢንች አካባቢ ይቆማል፣ ባሕር ዳር ላይ 24 አካባቢ። ጀማሪው ይደነግጣል፤ «ሊኬጅ አለ» ብሎ ቱቦ ይፈታል፣ ወይም ደህናውን ፓምፕ ይጥላል። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው፤ የውጭው አየር ራሱ ሲሳሳ ከዚያ በላይ መውረድ አይችልም። ፓምፑን ቢያንስ 30 ደቂቃ አሠሩት፣ ቫልቮቹን ዝጉ፣ ቀስቱ ቦታውን ይለቅ እንደሆነ ጠብቁ። ካልተነቃነቀ ቀጥሉ።

የራዲያተር ክዳንንም እንደ ተራ ክዳን አትዩት። ደጀን ላይ ግፊት የሌለበት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) ራሱ የሚከፍተው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ነው! ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለበት አይሱዙ ዳገቱ መሃል ቢፈላ አይገርምም። ስለዚህ ራዲያተር ከመቀየራችሁ በፊት ክዳኑን በግፊት መሞከሪያ ፈትሹት። ሞተሩ ሳይበርድ ግን በፍጹም አትክፈቱት፤ ፊት ያቃጥላል።

ቴርሞስታት አውልቆ መጣል የተለመደ ነው። ተዉት። በአንዳንድ ሞተሮች ሲወጣ ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ በአቋራጭ ይዞራል፤ ሙቀቱ ይብሳል። በደጋው ብርድ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል።

በመኸር ወቅት ኮንደንሰሩና (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲ ጋዝ ማቀዝቀዣ) ራዲያተሩ መሃል ገብታችሁ እዩ። የጤፍ ገለባና አቧራ ተጠቅጥቆ ታገኛላችሁ። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እጠቡት፤ ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል።

ጋዝ በግምት አትሙሉ። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የግራም መጠን አንብቡና በሚዛን ሙሉ። ጋዝ ካነሰ ደግሞ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጉ።

መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁ። «ጋሼ፣ የት ላይ ነው መሞቅ የጀመረው?» በሉት፤ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል። ቆሞ ሲሠራ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን እዩ። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከሆነ የራዲያተሩን ውስጥና የውሃ ፓምፑን ጠርጥሩ። ውሃው ሳይፈስ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ የቴስታታውን ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ) ፈትሹ።