የጂማት ፕሮባቢሊቲ በዳታ ሰፊሸንሲ ሲመጣ የሚያሳስቱ ነገሮችና መፍትሄያቸው

ለጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ስትዘጋጁ የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ፎርሙላውን ታውቃላችሁ፣ ማስላትም አያቅታችሁም፣ ዳታ ሰፊሸንሲ (አንድ ጥያቄና ሁለት መረጃ ተሰጥቶ መረጃው ለመመለስ ይበቃል ወይ የሚባልበት የጥያቄ ዓይነት) ላይ ግን መልሱ ይስታል። ችግሩ ሂሳቡ ላይ አይደለም። የምትጠየቁት «የተሰጠው መረጃ ወደ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ያደርሳል ወይ?» ነው። ጥያቄዎቹ አሁን ዳታ ኢንሳይትስ በሚባለው የፈተናው ክፍል ውስጥ ነው ያሉት። 20 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ስለሆነ ሁሉንም እስከ መጨረሻ ላስላ ማለት አያዋጣም።

ምልክት፦ «ጠቅላላ ብዛቱ አልተሰጠም፣ ስለዚህ አይበቃም» ትላላችሁ።

ሳጥን ውስጥ ቀይና ነጭ ኳስ ብቻ አለ እንበል፤ ቀዩ የነጩ እጥፍ ነው። አንድ ኳስ ብናወጣ ቀይ የመሆን ዕድሉ 2/3 ነው፣ ኳሶቹ 3 ሆኑ 300። ሬሾው ብቻውን በቃ። አሁን ግን ጥያቄው ሁለት ኳስ ሳንመልስ ብናወጣ ሁለቱም ቀይ የመሆን ዕድላቸው ስንት ነው ቢል ነገሩ ይገለበጣል። 2 ቀይና 1 ነጭ ካለ 1/3 ይመጣል። 4 ቀይና 2 ነጭ ካለ 2/5። ያው ሬሾ፣ ሁለት መልስ፣ ስለዚህ አይበቃም።

መፍትሄው ቁጥር መሞከር ነው። መረጃውን የሚያሟሉ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አስገቡና መልሱን ለማፋረስ ሞክሩ። ከተለያየ አለቀ፣ አይበቃም። ሁለቴ አንድ ዓይነት ስለመጣ ብቻ ግን «በቃ» አትበሉ፣ ለምን እንደማይለወጥ ማየት አለባችሁ።

ምልክት፦ «ያልታወቀው አንድ ነው፣ ኢኩዌሽንም አለኝ፣ ይበቃል» ብላችሁ ትቸኩላላችሁ።

ይህ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚጥል ነው። 10 ኳስ አለ፣ ቀይና ነጭ። አንድ ኳስ ብናወጣ ቀይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? አንደኛው መረጃ፦ ሁለት ሳንመልስ ብናወጣ ከየቀለሙ አንድ አንድ የመውጣት ዕድሉ 7/15 ነው። ሁለተኛው መረጃ፦ ሁለቱም ቀይ የመሆን ዕድላቸው 1/15 ነው። አንደኛውን ስትሠሩት ቀዩ 3 ወይም 7 ይሆናል፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ስለዚህ አይበቃም። ሁለተኛው 3 እና ኔጌቲቭ 2 ይሰጣል፤ ኔጌቲቭ ኳስ የለም፣ ስለዚህ ይበቃል። መልሱ ቢ (ሁለተኛው ብቻውን ይበቃል የሚለው ምርጫ) ነው። ሁለቱም ኳድራቲክ (ሁለት መልስ ሊኖራቸው የሚችሉ ኢኩዌሽኖች) ናቸው፣ ግን እስከ ሩቶቹ (መልሶቻቸው) ካልሄዳችሁ ልዩነታቸው አይታይም።

ምልክት፦ ዕድሎችን ዝም ብላችሁ ታባዛላችሁ።

ነገ የመዝነቡ ዕድል 0.4፣ መንገዱ የመዘጋጋቱ ዕድል 0.5 ነው ቢባል፣ ሁለቱም አብረው የመሆናቸው ዕድል 0.2 ነው ማለት አትችሉም። ከ0 እስከ 0.4 የትም ሊሆን ይችላል። «ኢንዲፔንደንት ናቸው» (የአንዱ መሆን የሌላውን ዕድል አይለውጥም) የሚል ካልተጻፈ ወይም ከሁኔታው በግልጽ ካልታየ አታባዙ።

ምልክት፦ «ከ1/2 ይበልጣል ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ «አይበልጥም» ሲሆን አይበቃም ትላላችሁ።

ቁርጥ ያለ «አይ» በቂ መልስ ነው። የማይበቃው «እንደሁኔታው» ሲሆን ነው።

ምልክት፦ ሲ (ሁለቱ መረጃዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ይበቃሉ የሚለው ምርጫ) በጣም ይበዛባችኋል።

አንደኛውን መረጃ ይዛችሁ ሁለተኛውን ስለምታነቡ ነው። ሁለተኛውን ስታነቡ አንደኛውን በእጃችሁ ሸፍኑት። አንደኛው ካልበቃ ኤ (አንደኛው ብቻውን ይበቃል) እና ዲ (እያንዳንዱ ለየብቻው ይበቃል) ወዲያው ይሰረዛሉ፤ ከበቃ ደግሞ የሚቀሩት ኤ እና ዲ ብቻ ናቸው። ሲ ጋር የምትደርሱት ሁለቱም ለየብቻ ካልበቁ በኋላ ነው።