32 ተማሪ ብቻ የሚቀበል ሜዲካል ስኩል ይበጃችኋል?

አገር ቤት ሕክምና የሚገባ ልጅ ምርጫውን ይሞላል እንጂ የሚወስነው ውጤቱና ምደባው ነው። ጎንደርም ይድረሰው ጅማ፣ ሻንጣውን አዘጋጅቶ መሄድ ነው። አሜሪካ ግን ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ከተቀበላችሁ መራጮቹ እናንተ ናችሁ፤ ከፋዮቹም እናንተ። ስለዚህ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ መጥታችሁ፣ እዚሁ ኮሌጅ እየጨረሳችሁ ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ስም ባሻገር መጠኑንም አስቡበት። (አገር ቤት በሕክምና የተመረቃችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው። ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለውን የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ተፈትናችሁ፣ የውጭ ምሩቃንን ማስረጃ የሚያረጋግጠውን የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፊኬት ይዛችሁ ለሪዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ላለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ታመለክታላችሁ እንጂ ሜዲካል ስኩል እንደገና አትገቡም።)

የመጠኑ ልዩነት ቀላል አይደለም። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ከ350 በላይ ተማሪ ይቀበላል። ክሊቭላንድ ክሊኒክ ያለው ለርነር ኮሌጅ 32 ብቻ ነው።

ትንሽ ትምህርት ቤት መደበቂያ የለውም። ይህ ለብዙ ሐበሻ ተማሪ የመጀመሪያው ፈተና ነው። እኛ መምህር ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን አድገናል። እዚህ ግን ስምንት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ስለ አንድ ሕመምተኛ ሲወያይ ዝም ያለው "ሳይዘጋጅ መጣ" ይባላል፤ ግምገማው ላይም ይጻፍበታል። በሌላ በኩል ዲኑ ሳይቀር በስም ያውቃችኋል፤ አነጋገራችሁ ገና ቢሆንም ሥራችሁን በቅርብ አይቶ የሚመሰክርላችሁ አቴንዲንግ (ተማሪ የሚያሠለጥን ነባር ሐኪም) ታገኛላችሁ። የዚህ ምስክርነት ዋጋ ደግሞ ጨምሯል። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ የዩኤስኤምኤልኢ የመጀመሪያው ክፍል (ስቴፕ 1) ነጥብ ቀርቶ አልፏል ወይም ወድቋል ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤና የዋርድ ግምገማ ይበልጥ ይታያሉ። ለርነር ጭራሽ ማርክና ደረጃ አይሰጥም፣ ከ2008 ጀምሮም የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ነገር ግን ትምህርቱ 5 ዓመት ነው፣ ምርምርም ግዴታ ነው። ምርምር የማይወድ ሰው ነጻ ስለሆነ ብቻ ቢገባ አምስቱ ዓመት ይረዝምበታል።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው ሆስፒታሉን ነው። የክፍሉን ወንበር ትታችሁ የሆስፒታሉን አልጋ ቁጠሩ። ለርነር ትንሽ ቢሆንም ጀርባው ላይ ክሊቭላንድ ክሊኒክን የሚያህል ሆስፒታል አለ። የራሳቸው ሆስፒታል የሌላቸውና ተማሪውን በሦስተኛው ዓመት ወደተለያየ ከተማ የሚበትኑ ትንንሽ ትምህርት ቤቶችም አሉ። እዚያ መኪና ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም ሌላ የቤት ኪራይ። ስለዚህ "ሮቴሽን (በየሆስፒታል ክፍሉ እየዞሩ መለማመዱ) የት የት ነው? መጓጓዣና ማደሪያ በማን ነው?" ብላችሁ አፍረጥርጣችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ የምትፈልጉት ስፔሻሊቲ እዚያው ሪዚደንሲ እንዳለው አረጋግጡ። ለምሳሌ ኒውሮሰርጀሪ ከሌለ በራሳችሁ ወጪ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ሮቴት ማድረግ ሊኖርባችሁ ነው። የማች ውጤት፣ ማለትም ተመራቂዎቻቸው የሪዚደንሲ ምደባ ማግኘት አለማግኘታቸውን ሲያሳዩአችሁም በመቶኛው አትደነቁ፣ አትደንግጡም። ከ40 ተማሪ ሁለት ሳይመደቡ ቢቀሩ 5 በመቶ ነው። የአንድ ዓመት ሳይሆን የአራት አምስት ዓመት ዝርዝር ጠይቁና ማን በየትኛው ስፔሻሊቲ የት እንደገባ ተመልከቱ።

ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ አዲሶች ናቸው። ኤምዲ የሚሰጡትን ኤልሲኤምኢ፣ ዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ) የሚሰጡትን ኮካ የሚባል እውቅና ሰጪ አካል ነው የሚያጸድቃቸው። አዲስ ስለሆነ ብቻ አትሽሹ፤ ሙሉ እውቅና በደረጃ የሚገኝ ነው። ካሪቢያን ያሉትን ግን (የአሜሪካ ግዛት ከሆነችው ፖርቶ ሪኮ በስተቀር) ኤልሲኤምኢ አያጸድቃቸውም፤ ከዚያ የተመረቀ ሰው ለሪዚደንሲ ሲያመለክት እንደ ውጭ ምሩቅ ነው የሚታየው።

ገንዘቡ ላይ ረጋ በሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛና ጥገኝነት ያገኘ ሰው የፌዴራል ብድር ያገኛል፤ በተማሪ ቪዛ ያለ አያገኝም። ሆኖም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ዝግ ነው፤ ለሕክምና ተማሪ የፌዴራል ብድር ጣሪያም በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። የብዙ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻውን ከዚያ ያልፋል፤ ኪራይና ምግቡ ገና ሳይነሳ። ቀሪውን ከባንክ ለመበደር ዋስ ትጠየቃላችሁ። ዋስ ማለት ደግሞ አጎት ወይም የአክስት ልጅ ነው፤ የራሱን ቤት ሊገዛ ክሬዲቱን የሚጠብቅ ሰው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ የማይሰጥ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት እኔ አልመክርም፤ የስቴታችሁ ትምህርት ቤት ትልቅና የተጨናነቀ ቢሆንም ይሻላል። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን ኤምካት ከመመዝገባችሁ በፊት ፈተናውን ለሚያዘጋጀው ማኅበር ለኤኤኤምሲ የክፍያ ድጋፍ አመልክቱ፤ አንዴ የከፈላችሁትን አይመልስም።

ስለ ከተማው ብዙ አልልም። እንጀራ በፖስታ ይመጣል። ለባል ወይም ለሚስት ሥራ፣ ልጅ የሚይዝ ዘመድ ግን በፖስታ አይመጣም፤ ያገባችሁ ይህን አብራችሁ ተነጋገሩ።

እንግሊዝኛው ገና ያልረጋላችሁና በጀርባው ትልቅ ሆስፒታል ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት ያገኛችሁ ከሆነ ግቡ እላለሁ። ልባችሁ ጥቂት ቦታ ባለው ስፔሻሊቲ ላይ ከሆነ ወደ ትልቁ ሂዱ። ከአንድ በላይ ቦታ ተቀባይነት ያገኛችሁ በማመልከቻው ሥርዓት በኤኤምካስ እስከ አፕሪል 30 አንዱን መምረጥ አለባችሁ። ከዚያ በፊት ተቀባይነት ላገኙ ተማሪዎች የሚዘጋጀው ጉብኝት ላይ ሲጠሯችሁ ከአስጎብኚው ፈቀቅ በሉና ሮቴሽን ላይ ያለ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ፤ "ባለፈው ወር ስንት ሕመምተኛ ራስህ መረመርህ?" ብላችሁ ጠይቁት።